ቦርከና፦ የደሴና የኮምቦልቻ ጢስ፣ ፍሳሽና ምርምር

ቦርከና ከደሴ ዙሪያ ተራሮች ተነስቶ፣ ከተማዋን ሰንጥቆ፣ በኮምቦልቻ ሜዳ፣ በሐርቡና በከሚሴ በኩል ወርዶ አዋሽን የሚቀላቀል ወንዝ ነው። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ በጅቡቲ ድንበር ካለው የአቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ስለዚህ በደሴ ድልድይ ሥር የተጣለ፣ በኮምቦልቻ ቱቦ የተለቀቀ ነገር ሁሉ ውቅያኖስ ገብቶ አይጠፋም። ወይ በመስኖ ማሳ ላይ ይቀራል፣ ወይ በደለል ውስጥ ይተኛል፣ ወይ ከብት ይጠጣዋል። በዚህ ተፋሰስ ስለ ኃይል አጠቃቀም፣ ስለ ብክለትና ስለ መፍትሔው የተሠራው ምርምር ከአርባ ዓመታት በላይ ዕድሜ አለው።

ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ ከእሷ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ 1,850 ሜትር አካባቢ ትገኛለች፤ ጠመዝማዛውን መንገድ የለመደ ተሳፋሪ ሹራቡን የት ላይ እንደሚያወልቅ ያውቃል። ላይኛዋ የንግድና የአስተዳደር ከተማ ናት። በታችኛዋ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳ፣ የቢራ፣ የሥጋ ማቀነባበሪያና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ተቀራርበው ተተክለዋል፤ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያ ምዕራፉ 75 ሄክታር የሆነ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆባታል። በ1998 ዓ.ም. የተመሠረተው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሁለቱንም ይዟል፤ ዋናው ግቢ ደሴ፣ የቴክኖሎጂ ተቋሙ ኮምቦልቻ ነው።

የአካባቢው ብክለት እንግዲህ ሁለት ምንጭ አለው። አንዱ ከማጀት ይወጣል፣ ሌላው ከፋብሪካ ቱቦ። ብዙ ሰው ስለ ሁለተኛው ያማርራል፤ የመጀመሪያው ግን በየቀኑ ብዙ ሰው ይነካል።

ምጣድና ጢስ

ኢትዮጵያ ውስጥ ጥቅም ላይ ከሚውለው ኃይል 90 በመቶ ያህሉ ከእንጨት፣ ከከሰል፣ ከኩበትና ከሰብል ተረፈ ምርት ይገኛል። በቤት ውስጥ ከሚነደው ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሚወስደው እንጀራ መጋገር ነው። ምክንያቱ የምጣዱ ባሕርይ ነው። ሰፊ የሸክላ ምጣድ ዳር እስከ ዳር እኩል ግሎ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መድረስ አለበት፤ ቀዝቃዛ ሊጥ በፈሰሰበት ቁጥር ሙቀቱ ይወርዳል፣ እንደገና ማንደድ ይመጣል። በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው እሳት ምጣዱ ላይ ደርሶ ሥራ የሚሠራው ከአሥር እጅ አንዱ ቢሆን ነው፤ የቀረው በጎን ያመልጣል።

አንድ የጋገራ ጠዋት ከቅርብ ሲታይ ነገሩ ይገለጣል። ጋጋሪዋ ምጣዱን በማሰሻ ታብሳለች፣ ሊጡን ከዳር ጀምራ ወደ መሐል እያዞረች ታፈሳለች፣ ዓይን ማውጣቱን አይታ በአክንባሎ ትከድናለች። በዚያች በከደነችባት ደቂቃ ጎንበስ ብላ ጭራሮ ትጨምራለች፣ ኩበቱን ትገፋለች፣ እፍ ትላለች። ጢሱ የሚብሰውም ያኔ ነው፤ ፊቷ እሳቱ አጠገብ በሆነበትና አዲሱ ማገዶ ገና ሳይያያዝ። ይህ ለሃያ ሠላሳ እንጀራ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ይደገማል። ሕፃን ካላት ደግሞ ጀርባዋ ላይ አዝላለች።

ጢሱን የሚለኩት ባለሙያዎች የሚፈልጉት ከፀጉር ውፍረት ብዙ እጥፍ የሚያንሰውን፣ እስከ ሳንባ ጥግ የሚዘልቀውን ብናኝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ በ24 ሰዓት ውስጥ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ሀብታሙ ሳንባታ፣ አርአያ አስፋውና አበራ ቁምዬ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ በአዲስ አበባ የተጎሳቆሉ ሰፈሮች ውስጥ በቤት አየር ያገኙት አማካይ ከ800 ማይክሮግራም በላይ ነበር። የደሴ ማጀት ከዚህ የተለየ የሚሆንበት ምክንያት አይታይም፤ ብርዱ ስለሚበረታ በርና መስኮት የሚዘጋበት ሰዓት ይልቅ ይረዝማል። በወሎ ቤት አቦል፣ ቶናና በረካ እስኪጠጣ ፍሙ ከክፍሉ አይወጣም። ከሰል ጢሱ ስለማይታይ ንጹሕ ይመስላል እንጂ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚወጣው ከእሱ ነው።

ለዚህ በአገር ውስጥ የተሠራው የታወቀ መልስ ምርጥ ምድጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በመንግሥት የኃይል ባለሙያዎች ተሠርቶ ተሰራጨ፤ ከሲሚንቶና ከገሞራ አሸዋ ተደባልቆ በቅርጽ ይወጣል፣ ክፍሎቹ ተገጣጥመው ምጣዱን ዙሪያውን ይከብቡታል፣ እሳቱም በጎን እንዳያመልጥ ይታፈናል። በቤተ ሙከራ የማገዶውን ግማሽ ያህል ይቆጥባል ተብሏል። የከሰሉ ወንድሙ ላቀች ነው፤ እሱ የኬንያን ምድጃ መነሻ አድርጎ ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃዎችን በሚሊዮኖች ለማዳረስ ሲያቅድ ትልቁን ተስፋ የጣለው በእነዚህ ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጡት ጥናቶች ተስፋውን አላፈረሱም፣ ግን ልኩን ነገሩት። እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም ባንክ በኩል የወጣ፣ በገጠር ኢትዮጵያ በዕጣ በተመረጡ ቤተሰቦች ላይ የተካሄደ ጥናት አንድ ምርጥ ምድጃ በዓመት በአማካይ 634 ኪሎ ግራም ያህል እንጨት እንደሚያተርፍ አገኘ። ምድጃው ላይ የሙቀት መለኪያ ተገጥሞ ስለነበር ጥናቱ “እጠቀምበታለሁ” በሚል ቃል ብቻ አልተመራም። ቁጥሩ ጥሩ ነው፤ ለአንዲት እንጨት ለቃሚ ብዙ ሸክም ማለት ነው። የጤናው ውጤት ግን ሌላ ሆነ። በምዕራብ ጎጃም ሜጫ፣ መሳፍንት ሞላና ባልደረቦቹ የተሻሻለ የመጋገሪያ ምድጃ በተሰጣቸውና ባልተሰጣቸው ቤቶች ያሉ ሕፃናትን አነጻጽረው፣ ምድጃው የሕፃናቱን የሳንባ ኢንፌክሽን እንደቀነሰ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኙም። አይደንቅም። እንጀራው በምርጥ ምድጃ ቢጋገርም ወጡ፣ ንፍሮውና ቆሎው ያው ጉልቻ ላይ ነው። እንጨት መቆጠብና ሳንባ ማዳን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ይህ ጥናት በግልጽ ለያይቷል፤ ምድጃ የሚያድሉ ፕሮጀክቶች ግን አሁንም አንድ አድርገው ያወራሉ።

ኩበትና ዛፍ

የወሎ ደጋ ማገዶ ኩበት ነው። እበት ከገለባ ጋር ይለወሳል፣ ይጠፈጠፋል፣ ግድግዳ ላይ ወይም ድንጋይ ላይ ይደርቃል፣ ለክረምት በክምር ይቀመጣል። ሲነድ ናይትሮጅኑና አፈሩን የሚያስተሳስረው ሕያው ቁስ በጢስ ይሄዳል፤ ከአመዱ የሚተርፈው ጥቂት ማዕድን ነው። የዓለም ባንኩ ኬነዝ ኒውኮምብ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለኢትዮጵያ ገጠር ደን ልማት ያቀረበው የኢኮኖሚ ክርክር በዚሁ ላይ የቆመ ነበር፤ ዛፍ ሲተከል ማገዶ ይገኛል፣ ኩበት ወደ ማሳ ይመለሳል፣ ከዛፍ የሚገኘው ትልቁ ትርፍም ተጨማሪው እህል ይሆናል። ገበሬው ይህን ያለ ኢኮኖሚስት ያውቀዋል። የሚቸግረው እበቱን ማሳ ላይ በትኖ ማታ ምን እንደሚያነድ ነው።

እዚህ ላይ በኮምቦልቻ ዙሪያ የተሠራ አንድ ሥራ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ክብሮም ተክሌና ላርስ ሄድሉንድ የቃሉን ወረዳ የ1958 እና የ1986 (እ.ኤ.አ.) የአየር ፎቶግራፎች አነጻጸሩ። በእነዚያ 28 ዓመታት ቁጥቋጦው፣ የወንዝ ዳር ዕፅዋቱና ደኑ ቀንሶ፣ ገላጣው መሬትና ሰፈሩ ሰፍቷል፤ የታረሰው መሬት ግን ብዙም አልተለወጠም። ስለዚህ ጣታቸውን የቀሰሩት በማረሻው ላይ አልነበረም፤ ለማገዶ በተቆረጠውና ለግጦሽ በተጸዳው ላይ ነበር።

የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክራሚ ደግሞ ተቃራኒ የሚመስል ነገር ይዞ መጣ። ጣሊያኖች በ1937 (እ.ኤ.አ.) ወሎ ውስጥ ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ይዞ ከ60 ዓመት በኋላ ቦታዎቹ ላይ ቆመና እንደገና አነሳቸው። በአዲሶቹ ሥዕሎች የሚታየው ዛፍ ከድሮው በዝቶ ተገኘ፤ አብዛኛውም ገበሬዎች ራሳቸው የተከሉት ባሕር ዛፍ ነው። በትምህርት ቤት “ድሮ አገሩ ሁሉ ደን ነበር” እየተባለ ላደገ ትውልድ ይህ ግር ያሰኛል። ሁለቱን ጥናቶች ማጣላት ግን አያስፈልግም፤ ተፈጥሯዊው ቁጥቋጦ በአንድ በኩል እያለቀ በየደጃፉ ባሕር ዛፍ ሊበዛ ይችላል። ጦሳን ከደሴ ቀና ብሎ ያየ ሰው የሚያየው ደን ሰው የተከለው ነው።

አፈሩን በተመለከተ ከደሴ ብዙም የማይርቀው ማይባር ልዩ ስፍራ አለው። በሐንስ ሁርኒ የሚመራው የስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከግብርና ሚኒስቴር ጋር የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራሙን የመጀመሪያ ጣቢያ በ1981 (እ.ኤ.አ.) የተከለው እዚያ ነው። ከ113 ሄክታር ገደማ ተዳፋት ላይ የሚወርደው ዝናብ፣ የሚጋዘው አፈርና የሚፈሰው ውሃ ለረጅም ዓመታት ሲለካ ቆይቷል። በአካባቢው ብክለት ላይ የጎደለው እንዲህ ያለ ትዕግሥት መሆኑ ቀጥሎ ይታያል።

ሁለቱ ገባሮች

ኮምቦልቻ ላይ ወደ ቦርከና የሚገቡ ሌዮሌና ወርቃ የሚባሉ ሁለት ትናንሽ ወንዞች አሉ። በበጋ አንድ ልጅ ሮጦ የሚሻገራቸው ናቸው። የከተማዋ ፋብሪካዎች ፍሳሽ ደግሞ የሚወርደው ወደ እነሱ ነው።

የወሎ ዩኒቨርሲቲው እስክንድር ዝናቡ በኔዘርላንድስ ዴልፍት ከሚገኘው የውሃ ትምህርት ተቋም ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ በ2013 እና በ2014 (እ.ኤ.አ.) ክረምቶች ከፋብሪካዎቹ መውጫና ከወንዞቹ ናሙና ሰበሰበ። ከዚያ የወጡት ጽሑፎች እስካሁን ስለ ኮምቦልቻ ውሃ ካለው እውቀት ዋናዎቹ ናቸው። ከቆዳ ፍሳሽ የተገኘው ክሮሚየም መካከለኛ መጠኑ በሊትር ከ26 ሚሊግራም በላይ ደርሷል፤ የኢትዮጵያ ደረጃ ለቆዳ ፋብሪካ የሚፈቅደው 2 ሚሊግራም ነው። ከብረታ ብረት ሥራ በሚወጣው ፍሳሽ ውስጥ ደግሞ ዚንክ በሊትር ከ150 ሚሊግራም አልፏል። የቢራና የሥጋ ፍሳሾች በናይትሮጅንና በፎስፈረስ የበለጸጉ ሆነው ተገኙ፤ መርዝ ባይሆኑም ወንዙን አልጌ አብቅለው አየር ያሳጡታል።

የክሮሚየሙ አመጣጥ ቀላል ነው። ጥሬ ቆዳ እንዳይበሰብስ በክሮሚየም ጨው ይለፋል፤ ከሚጨመረው ጨው ግን ቆዳው የሚጠጣው ከ60 እስከ 70 በመቶውን ብቻ ነው። የቀረው ከውሃው ጋር ይወጣል። በዚህ መልኩ የሚወጣው ክሮሚየም አደገኛነቱ አነስተኛ ነው የሚባለው ዓይነት ቢሆንም፣ ሁኔታው ሲመቸው ካንሰር አምጪ ወደሆነው ሌላ ዓይነት ሊለወጥ ይችላል። ዚንኩ ደግሞ ቆርቆሮ እንዳይዝግ ዚንክ ከሚለብስበት ገንዳ ታጥቦ የሚወጣ ነው። ከላይ የቤት ጣሪያ ይሆናል፣ ከታች ወንዝ ይገባል።

በእነዚህ ቁጥሮች ላይ ሁለት ነገር ልብ ሊባል ይገባል። አንደኛ፣ የተለካው በክረምት ነው፤ ወንዙ ሞልቶ ፍሳሹን በሚያቀጥንበት ወቅት። በበጋ፣ ጅረቱ ሲሳሳ፣ የቱቦው ድርሻ ምን ያህል እንደሚሆን ለመገመት መሐንዲስ መሆን አያሻም። ሁለተኛ፣ የአገሪቱ ደረጃ የሚቆጥረው በአንድ ሊትር ውስጥ ያለውን ነው። ፋብሪካው ንጹሕ ውሃ ጨምሮ ፍሳሹን ቢያቀጥን በወረቀት ላይ ያልፋል፤ ወንዙ የሚሸከመው ጠቅላላ ኪሎ ግራም ግን ያው ነው። ሌዮሌን ለሚያህል ወንዝ ወሳኙ ጠቅላላው ጭነት ነው።

ተመራማሪዎቹ ከቁጥሩ አልፈው ሌላ ጽሑፍ ጻፉ። በከባድ ብረቶች ላይ የሚደረገውን ቁጥጥር የሕግ ክፍተትና የአቅም ማነስ እንዳዳከሙት አሳዩ፤ በተለይ በወንዝ ደለል ውስጥ የሚከማቸውን ብረት። ውሃው ዛሬ ጠርቶ ሊታይ ይችላል፣ ደለሉ ግን የትናንቱን ይዞ ይቀመጣል። ከዚያ በታች ሐርቡ አለ፣ ከሐርቡ በታች የጨፋ ረግረጋማ ሜዳ። ፍራንሷ ፒጌ በ2002 (እ.ኤ.አ.) ለተባበሩት መንግሥታት ባዘጋጀው ዘገባ ጨፋን የ50,000 አርብቶ አደሮችና የ200,000 እንስሳት መጠጊያ ብሎታል። ድርቅ ሲጠና አፋሩ፣ ኦሮሞውና አርጎባው ከብቱን ይዞ የሚወርደው ወደዚህ ሜዳ ነው፤ ሜዳውን የሚያጠጣውም ቦርከና ነው።

ከቤተ ሙከራ ወደ ቱቦ

መፍትሔው አልጠፋም። ክሮሚየሙን ከፍሳሹ በኖራ ወይም በማግኒዚየም ኦክሳይድ አዝቅጦ፣ በሰልፈሪክ አሲድ አሟሙቶ መልሶ ለማልፊያ መጠቀም በብዙ አገር የተለመደ ነው፤ ለፋብሪካውም ወጪ ይቆጥባል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎቹ ታደሰ አለሙና ስዩም ለታ ደግሞ የቆዳ ፍሳሽን ጠጠር በተሞላና ፊላን የመሳሰሉ የረግረግ ዕፅዋት በበቀሉበት ገንዳ ውስጥ አሳልፈው፣ ክሮሚየሙ ከ97 በመቶ በላይ ሲቀር አዩ። ዕፅዋቱ የአገር ናቸው፣ ገንዳው ኤሌክትሪክ አይፈልግም። የሚፈልገው መሬት ነው፤ ከፋብሪካ አጥር አጠገብ ባዶ መሬት ማግኘት ደግሞ የኮምቦልቻ ችግር ነው።

የጨርቃ ጨርቅ ቀለም ላይ የሚሠሩ ኬሚስቶች ሌላ መንገድ ይከተላሉ። ጀማል ፊቶና ባልደረቦቹ ከመቅመቆ፣ እንዲሁም ማሳውን ከወረረው የቅንጨ አረም፣ ንቁ ከሰል ሠርተው ቀለምን ከፍሳሽ አጣሩ። በማጀት ለሻይና ለመድኃኒት የሚታወቀው መቅመቆ የፋብሪካ ቀለም ጠጪ ሆኖ ሲገኝ ደስ ይላል። እንዲህ ያሉ ጽሑፎች ባለፉት ዓመታት በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ተባዝተዋል፤ ሽፈራው፣ የቡና ገለፈት፣ የጤፍ ገለባ ሁሉም ተሞክሯል። ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ ከፍተኛ ነው፤ ሙከራውም አብዛኛውን ጊዜ በብርጭቆ ውስጥ ነው። ከብርጭቆው ወደ ቱቦው የተሻገረ ሲፈለግ ግን ጥቂት ነው። ቀለሙን የጠጣው ከሰል ራሱ የት እንደሚጣል የሚጠይቅ ጽሑፍ ደግሞ ይበልጥ ጥቂት ነው።

በሌላ በኩል ሐዋሳ ላይ በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም፣ ወደ ሐይቁ ጠብታ የማይለቅ ተደርጎ ታቀደ። ቴክኖሎጂው ውድ ነው፣ ኃይልም ይበላል፤ ግን በኢትዮጵያ ውስጥ ሊተከል እንደሚችል አሳይቷል።

ለማጀቱም አማራጭ ሲፈለግ ቆይቷል። በ2009 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም “ስንዱ” የተባለውን ማብላያ በአማራ ክልልም ተክሏል፤ እበቱ ጋዝ ይሰጣል፣ ቅሪቱ ማዳበሪያ ይሆናል፣ የኩበት ጣጣም በአንድ ጊዜ ይፈታል። መሰናክሉ ያው እንጀራ ነው፤ የጋዙ ነበልባል ለወጥና ለቡና ይበቃል እንጂ ሰፊውን ምጣድ ማጋል ይከብደዋል። ውሃና በርከት ያለ ከብት የሌለው ቤትም ከመጀመሪያው ውጭ ነው።

ጢሱን ከሥሩ የሚያስቀረው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። የአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ከውሃ የሚገኝ በመሆኑ ከመሶብ እስከ ግድብ ጢስ የለበትም፤ ጳጉሜ 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ጨምሯል። ምጣዱ ግን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ በአንዴ ይስባል። በአንድ መስመር ላይ ያሉ ቤቶች ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት ቢጋግሩ ትራንስፎርመሩ አይችልም፤ መብራት ሲሄድ ሊጡ ቦክቶ ይጠብቃል፣ ባለቤቲቱም ወደ ጓሮ ወጥታ ጉልቻውን ትቀሰቅሳለች። ለዚህ ነው በደሴ ቤቶች የኤሌክትሪክ ምጣድና የጭራሮ ክምር አብረው የሚኖሩት።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ሁለቱ ከተሞች በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገብተው እስከ ኅዳር መጨረሻ ቆዩ። ፋብሪካዎች፣ ሆስፒታሎችና የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተዘረፉ። ለብክለት ምርምር ይህ ማለት የቤተ ሙከራ መሣሪያ ማጣት፣ የተቋረጠ ልኬትና ያልተጠናቀቀ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። ማሽን ጠግኖ ሥራ የጀመረ ፋብሪካ ፍሳሹንም አብሮ ጀመረ፤ ለኪው ግን ከእሱ ዘግይቶ ተመለሰ።

የሕጉ ነገር

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። በ1995 ዓ.ም. የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 እና የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ወጡ፤ በ2001 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ብክለትን የሚከላከለው ደንብ ቁጥር 159 ተከተለ። ወረቀቱ ሙሉ ነው። የጎደለው በየወሩ፣ በጋ ከክረምት፣ ሌዮሌ ዳር ናሙና ቀድቶ ውጤቱን የሚለጥፍ ሰው ነው። ማይባር ላይ ዝናብና አፈር ለዓመታት ተለክቷል፤ ኮምቦልቻ ላይ ስለ ከባድ ብረት በዋናነት የሚጠቀሰው የሁለት ክረምት ናሙና ነው።

ከአዋጅ ቁጥር 300 ውስጥ ብዙ ነዋሪ የማያውቀው አንቀጽ 11 ነው። ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በእሱ ላይ መድረሱን ማሳየት ሳይጠበቅበት፣ አካባቢን በሚበክል ላይ ለሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መክሰስ ይችላል። የሐርቡ አትክልት አምራችም፣ የጨፋ ከብት ጠባቂም፣ ከደሴ ድልድይ ላይ ቆሞ ወንዙን የሚያይ አላፊ አግዳሚም በዚህ አንቀጽ ውስጥ አለ።